ሽማግሌ እስኪያየው

«መርፌውን እንዳትወጋ። ሽማግሌ እስኪያየው ይቆይ። አንዴ ከተወጋች ማስረጃው ጠፋ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያምነናል?»

ምሥራቅ እናቷ ይህን ስትል የሰማችው ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ የውሃ ጀሪካን ልታነሳ ወደ ጓሮ በወጣችበት ሰዓት ነው። ወጥ ቤቱ ቆርቆሮ ስለሆነ ሹክሹክታ አይደብቅም። እናቷ ሥራነሽ የምታወራው ከልጇ፣ ከምሥራቅ ወንድም ከአምደሚካኤል ጋር መሆኑን ያወቀችው በሳሉ ነው፤ አምደሚካኤል መልስ ሲያጥረው ይስላል። ምሥራቅ ጀሪካኑን እንዳንጠለጠለች ቆመች። ለዐሥር ቀን ሥልጠና ባሕር ዳር ሄዳ፣ መንገድ ተዘግቶባት ሁለት ቀን ጨምራ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ የተመለሰችው ትናንት አመሻሹ ላይ ነበር። በሌለችበት ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር እንደገባ ገና ደጁን ስትረግጥ ተሰምቷታል። የወንድሟ ሚስት ወለተ ኪዳን ወትሮ ከጓዳ ብቅ ብላ ሻንጣዋን ልትቀበላት ትሽቀዳደም ነበር። ትናንት ግን ከመኝታ ቤቷ አልወጣችም። ስትጠይቅ እናቷ «አሟት ተኝታለች» አለቻትና ወሬውን ወደ መንገዱ መለሰችው።

ጀሪካኑን አስቀምጣ ወደ ወለተ ኪዳን ክፍል ገባች። ክፍሉ ባልና ሚስቱ ሲጋቡ ከሳሎኑ በኮምፔንሳቶ የተቆረጠ ነው፤ አልጋው አብዛኛውን ይዞታል፣ በተረፈው ቦታ ዳንቴል የለበሰ ሻንጣና የአምደሚካኤል የቅዳሴ መጽሐፍ አሉ። ወለተ ኪዳን ነጠላዋን ተከናንባ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ሃያ ዓመቷ ነው፤ የደብረ ወርቁ የቅኔ መምህር የየኔታ አካለ ወልድ ልጅ ናት። አምስት ወር የሆነው ሆዷ በነጠላው ሥር ጎላ ብሏል። እግሯ ሥር አንዲት የፕላስቲክ ሳህንና አንዲት ኩባያ ተቀምጠዋል፤ የኩባያዋ ጆሮ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ምሥራቅ ክሩ ለምን እንደታሰረ ሳይነገራት ገባት። ከቤቱ ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል ነው። በዚህ ቤት የመንገድ እንግዳ እንኳ ከትሪው ይቀርባል እንጂ ሳህን ለብቻው አይሰጠውም።

ወለተ ኪዳን ምንም ሳትጠየቅ ከትራሷ ሥር የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠቻት። የሌላ ቀበሌ ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል ወረቀት ነው። ምሥራቅ ራሷ የምትሠራው ደም መመርመር ስለሆነ ወረቀቱን ለማንበብ ጊዜ አልፈጀባትም፤ ሁለቱም የቂጥኝ ምርመራ ፖዘቲቭ ነው። ከሥር በብዕር «መድኃኒቱ አልቋል፣ ሰኞ ከባለቤትሽ ጋር ተመለሽ» የሚል ተጽፏል። ወረቀቱ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ሰኞ ግን አልተመለሰችም። አማቷ አብራት ሄዳ ስለነበር ነርሷ ያለችውን ሁሉ ሰምታለች። በማግሥቱ አምደሚካኤል ለብቻው አንድ የግል ክሊኒክ ሄዶ «ኔጋቲቭ» የሚል ወረቀት ይዞ መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሷ ሳህን ተለየ።

«እትዬ፣ እኔ ሌላ ሰው አላውቅም» አለች ወለተ ኪዳን። ድምፅዋ ውስጥ ልመና የለም፤ ብዙ ጊዜ ተናግራው ማንም ያልሰማት ነገር እንደሆነ ያስታውቃል።

«ልብስሽን ልበሽ። ከኔ ጋር ትሄጃለሽ።»

በር ላይ እናቷ ጠበቀቻቸው። ሥራነሽ ቄሱ ባሏ በሞተ ማግሥት ጠላ ጠምቃ ሁለት ልጅ ያሳደገች፣ ሰው የሚያከብራት ሴት ናት። ከሃያ ዓመት ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠብቀው፤ ልጇ በአባቱ መቅደስ ገብቶ ሲቀድስ ማየት። በጥር ጳጳሱ ለቅስና ከሚሾሟቸው ዲያቆናት መካከል የአምደሚካኤል ስም ገብቷል። የቄስ ሚስት ነቀፋ ከተገኘባት የቄሱም ክህነት ነቀፋ እንደሚያገኘው ሥራነሽ ካህን አግብታ ስለኖረች ታውቃለች። ጥፋቱ የምራቷ ብቻ መሆኑ በሽማግሌ ፊት ከታወቀ ግን ለአባቶች ቀርቦ ለልጇ መላ አይጠፋለትም ብላ አስባለች። ይህን ስታስብ ደግሞ ክፋት አልመሰላትም።

«ወዴት ነው?» አለች።

«የክትትል ካርዷን ወደኔ ጤና ጣቢያ ላዙርላት።»

«መርፌ የሚባል ነገር እንዳይነካት። አባቷ በስምንት ሰዓት ይደርሳሉ፣ አባ ዘማርያምም ይመጣሉ። ነገሩ እንዳለ ይታይ።» ወደ ወለተ ኪዳን አላየችም። «አንችም እንዳትቀሪ። የተማርሽው አንች ነሽ፤ ወረቀቱን ታነቢላቸዋለሽ።»

ምሥራቅ «እሽ» አለች። ዋሸች፤ ለእናቷ ስትዋሽ ከልጅነቷ ጀምሮ ፊቷ ይቀላ ነበር፣ ዛሬ ግን ምንም አልሆነም። ባጃጅ ያዙ። የታኅሣሥ ብርድ በተቀደደው ሸራ በኩል እየገባ ጉልበታቸውን ይቆነጥጣል፤ በአስፋልቱ ዳር ድንች ጫኝ አህዮች ወደ ገበያ ይወርዳሉ፣ ሾፌሩ የቤንዚን ዋጋ እንደገና መጨመሩን ለማንም ሳይሆን ለመስታወቱ ይነግረዋል።

ጤና ጣቢያው እንደደረሱ ምሥራቅ ቀጥታ ወደ ነርስ አርሴማ ወሰደቻት። አርሴማ ብዙ የምትጠይቅ ሴት አይደለችም፤ ወረቀቱን አንብባ፣ የምሥራቅን ፊት አይታ፣ ከመደርደሪያው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን አወጣች። በግራና በቀኝ መቀመጫዋ ወጋቻት። መድኃኒቱ እንደ ወፍራም ወተት ስለሆነ ሲገባ ያማል፤ ወለተ ኪዳን የአልጋውን ብረት ጨበጠች። በሽታው መቼ እንደገባ በወረቀት የተረጋገጠ ነገር ስለሌለ ሦስት ጊዜ መወጋት አለባት፤ ከዛሬ ጀምሮ በየዓርቡ። አንድም ዓርብ እንዳይዘለል አርሴማ ሁለት ጊዜ ደጋግማ ነገረቻት። ከዚያ መድኃኒቱ እንዳይቆጣት ግማሽ ሰዓት ልትጠበቅ ስለሚገባ ምሥራቅ ወደ ላቦራቶሪዋ ይዛት ገባች።

ላቦራቶሪ ይባል እንጂ አንድ ጠባብ ክፍል ነው። ክዳኑ በፕላስተር የተያዘ ደም እያሽከረከረ የሚለይ ማሽን፣ ሁለት ማይክሮስኮፕ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የምትጮህ ፍሪጅ። ወለተ ኪዳን በአንድ ጎኗ ብቻ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ቁስል ያየሁበት ቀን የለም። ሰውነቴ ውስጥ ካለ እንዴት አላወቅሁትም?»

ምሥራቅ ጓንቷን አጠለቀች። ይህን ጥያቄ ሁለት ዓመት ኖራበታለች። አዲስ አበባ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የጻፈችው ስለዚሁ ተሕዋስ ነው። በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ እንደ ሌላው በላቦራቶሪ ሳህን ላይ አይበቅልም፣ ከሰው ወይም ከጥንቸል ሕዋስ ከተለየ ይሞታል። ውጭ አገር ያሉ ተመራማሪዎች አብቅለው ያወጡትን መረጃ ኮምፒውተር ላይ እየዘረጋች፣ ወደ አንድ ሺህ ከሚጠጉት ዘረ መሎቹ የትኛው መቼ እንደሚሠራ፣ የትኛው መቼ ዝም እንደሚል ስትለቅም ዓይኗ ደክሟል። ጽሑፉ ተጠርዞ እቤት ሳሎን ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጧል። እንግዳ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ እናቷ «ስለ ደም ነው» ትላለች፤ ቂጥኝ የሚለው ቃል ከአፏ አይወጣም።

«ትንሽ ፍጥረት ነው» አለች ምሥራቅ። «የሚሠራውን ሁሉ የሚያዝዘው ውስጡ የተጻፈ ነገር ነው፣ ዘረ መል የምንለው። የተጻፈውን ሁሉ ግን በአንድ ጊዜ አይገልጠውም። የሚያስፈልገውን ይከፍታል፣ ሌላውን ይዘጋል።»

«እንደ ድጓ ነዋ» አለች የመምህሩ ልጅ ትንሽ አስባ። «ድጓ ውስጥ የዓመቱ ሁሉ አለ፤ ዛሬ የሚቆመው ግን የዛሬው ነው።»

«እንደሱ በይው። ላዩ ላይ አንድ ፕሮቲን አለ። ሰውነትሽ ያን ለይቶ መዋጋት ሲጀምር እሱ መልኩን ለውጦ ሌላ ያወጣል፤ ለመለወጫ የሚሆነው ከሃምሳ በላይ ቁራጭ በጎን አስቀምጧል። አንዳንዱን ዘረ መል ደግሞ ጨርሶ ይዘጋዋል። ሰውነትሽ የትናንቱን ሲፈልግ እሱ በአጠገቡ ያልፋል። ቁስሉ ሕመም ስለሌለው ላይታይ ይችላል፣ ቢታይም ራሱ ይድናል። ሽፍታ ይመጣል፣ እሱም ይጠፋል። ሰውየው ዳንሁ ይላል። አልዳነም።»

ወለተ ኪዳን እጇን ሆዷ ላይ አሳርፋ «ልጁስ?» አለች።

«ወደሱ ይሻገራል። ዝም ከተባለ በሆድ እያለ ሊሞት ይችላል፤ ተወልዶም ሊታመም። በጊዜ ከታከምሽ ግን ብዙዎቹ ይተርፋሉ። አምስት ወር ገና ነው።» ምሥራቅ ዘጠኙን ቀን አሰበችው፤ አልተናገረችውም።

«የሱ ወረቀት ግን ንጹሕ ነው ይላል።»

«ሁለት ዓይነት ምርመራ አለ። አንደኛው እሳቱ አሁን መንደዱን ነው የሚያየው፤ ሰው ታክሞ ወራት ካለፈው ኔጋቲቭ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው አመዱንም ያያል፤ የዛሬ ሃያ ዓመት የታከመ ሰው ላይ እንኳ ይወጣል። እሱ የያዘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።»

ከኮሪደሩ የሕፃናት ክትባት ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ጫጫታ ይሰማል። ወለተ ኪዳን ከራሷ ጋር የምትነጋገር መስላ፣ ከሠርጋቸው በኋላ በዐቢይ ጾም መዳፉና ውስጥ እግሩ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ወጥቶበት እንደነበር ተናገረች። ስትጠይቀው የጧፍ ሰም አቃጠለኝ ብሏታል። ዕቃ ላመጣ ብሎ ደጀን ደርሶ ሲመጣ ጠፋለት። እሷም የጧፍ ሰም ውስጥ እግርን እንዴት ያቃጥላል ብላ አልጠየቀችም፤ ሙሽራ ነበረች። ምሥራቅ ይህን ሰምታ ጓንቷን አወለቀች፤ ገና ምንም አልሠራችበትም ነበር።

በምሳ ሰዓት ወለተ ኪዳንን አርሴማ ጋ ትታ ወደ ወንድሟ ሱቅ ሄደች። አምደሚካኤል አብማ ማርያም አጠገብ የንዋየ ቅድሳት መሸጫ አለው። ጠባቧ ቤት እስከ ጣሪያዋ ድረስ በጥልፍ ጃንጥላ፣ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በሥዕል ተሞልታለች፤ ከፊሉ ዕቃ ከአዲስ አበባ በደጀን በኩል የሚመጣ ነው፣ መንገዱ ሲዘጋ መደርደሪያው ይሳሳል። ጧፍ የምትገዛ አንዲት ባልቴት እስክትወጣ ምሥራቅ በሩ ሥር ቆመች። ወንድሟ ጢሙን አሳምሮ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ቄስ ሳይሆን ቄስ መስሏል። ሲያያት ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ደኅና ገባሽ? ጠዋት ሳላገኝሽ ወጣሁ።»

ከቦርሳዋ መመርመሪያዋንና ጣት መውጊያዋን አውጥታ ከጧፉ ጎን አስቀመጠች። «ጣትህን ስጠኝ። አንድ ጠብታ ነው።»

«ተመርምሬያለሁ እኮ። ወረቀቱ እማዬ ጋ አለ።»

«እሱ ሌላ ነው። ይኼኛው የቆየውንም ያያል።»

አምደሚካኤል የተበተነ ጧፍ ሰብስቦ በክር ማሰር ጀመረ። አንዱን ነዶ አስሮ ሁለተኛውን ሲጀምር፣ ቀና ሳይል፣ «የተወጋ ሰው ላይም ያሳያል?» አለ።

ጥያቄው ከአፉ ከወጣ በኋላ እሱም ሰማው። እጁ ክሩ ላይ ቆመ። ምሥራቅ መመርመሪያዋን አንስታ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው፤ ከዚህ በኋላ ጠብታ አያስፈልጋትም ነበር። ወንድሟ የሱቁን አንድ መዝጊያ ገፋ አደረገና በርጩማው ላይ ተቀመጠ። አምና በኅዳር ለሠርጉ ዕቃ ገዝቶ ከአዲስ አበባ ሲመለስ መንገድ ተዘግቶ ደጀን አምስት ቀን መቆየቱን፣ አልቤርጎ ውስጥ ከከባድ መኪና ሾፌሮች ጋር መጠጣቱን፣ የሆነው በሦስተኛው ቀን መሆኑን፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያወጣ ነገራት። ቁስሉ ከሠርጉ በፊት ድኖለት ነበር። ንስሐ ገብቻለሁ፣ እግዚአብሔርም ምሮኛል አለ። ነጠብጣቡ ሲወጣበት ግን ደጀን አንድ ክሊኒክ ሄዶ ተወጋ።

«ሚስትህን አምጣት አላሉህም?»

ሳለ። «ብለውኛል።»

ምሥራቅ የቆመችበት ቦታ ጠበባት። ልጅ እያለ ትኩሳት ሲይዘው በጀርባዋ አዝላው ሆስፒታል የሄደችበት ቀን ብቻ ነው ትዝ ያላት። እሱ ግን ዝምታዋን ለሌላ ነገር ወሰደው።

«ጥር ደርሷል፣ እታለም። የአባታችን መቅደስ ነው። እማዬ እንዴት እንደጠበቀችው ታውቂያለሽ። አንች ከተናገርሽ ሦስታችንም አለቅን።»

«አራተኛዋስ?»

«እሷ አባት አላት» አለ አምደሚካኤል።

ምሥራቅ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «እኔ የታመመ ሰው ምስጢር አላወጣም፤ ሥራዬ ነው። አንተ ግን በስምንት ሰዓት አፍ አለህ» ብላው ወጣች።

የኔታ አካለ ወልድ ከስምንት ሰዓት ጥቂት ቀድመው ደረሱ። ከደብረ ወርቅ በሚኒባስ ሲንገላቱ ውለው ጋቢያቸው አቧራ ጠግቧል። በእጃቸው ለልጃቸው አራስ ቤት የሚሆን አንድ ቅል ማር ይዘዋል፤ ሥራነሽ በስልክ «ቢመጡ ይሻላል» ብቻ ስላለቻቸው የተጠሩበትን ነገር አያውቁም ነበር። ማሩን ምሥራቅ ተቀብላ የት እንደምታስቀምጠው ግራ ገባት። የቤቱ የንስሐ አባት አባ ዘማርያም ከሶፋው ጥግ ተቀምጠው መስቀላቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል። አምደሚካኤል በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ነው። ወለተ ኪዳን የመኝታ ቤቷን መጋረጃ ይዛ ቆማለች፤ የአባቷን ጉልበት ወድቃ ከሳመች በኋላ ወደዚያው ተመልሳለች። ሥራነሽ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ፣ ስታወራ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ልጃቸውን እንደ ልጇ አድርጋ እንደተቀበለቻት፣ ከተማ መጥፎ መሆኑን፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ብላ የምትወጣበት ሰዓት መብዛቱን ተናገረች። የበሽታውን ስም አልጠራችም፤ «ይህ ነገር» አለችው። በመጨረሻ «ልጀ ንጹሕ ነው። ልጅዎን ይውሰዱልኝ» አለች።

የኔታ ወረቀቶቹን አንስተው አዩአቸው። «የፈረንጅ ፊደል ነው፣ አላነበውም» ብለው መልሰው አስቀመጡ። ከዚያ ወደ በሩ ዞሩ። «አምደሚካኤል፣ አንተ ምን ትላለህ?»

አምደሚካኤል ሳለ። ከዚያ ወለሉን አየ። ምሥራቅ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። አፉን ሲከፍት ያየች መሰላት፤ ሆኖም «እኔ... እማዬ እንዳለችው ነው» ብቻ አለ።

መጋረጃው ተንቀሳቀሰ። ወለተ ኪዳን ወደ ጠረጴዛው መጣች።

«በዐቢይ ጾም መዳፍህ ላይ የወጣው ምን ነበር?» አለችው። እስከ ዛሬ አንተ ብላው አታውቅም ነበር። መልስ ሳትጠብቅ ወደ አባ ዘማርያም ዞረች። «አባ፣ የቆየውንም የሚያሳይ ምርመራ አለ። አንድ ጠብታ ደም ይበቃዋል። እትዬ ምሥራቅ ይዛዋለች። እዚሁ በፊታችሁ ይደረግልን። እኔም ድጋሚ ልደረግ።»

«ምን ከፋው፣ ይደረግ» አለች ሥራነሽ። ፊቷ ላይ ጥርጣሬ አልነበረም። ተነሥታ ወደ ልጇ ሄደች፣ ቀኝ እጁን ይዛ ወደ ምሥራቅ ዘረጋችው። «በይ፣ እንችው።»

አምደሚካኤል እጁን ጨበጠ። እናቱ መጀመሪያ ያልገባው መስሏት፣ ልጅ ሆኖ ጥፍሩን ስትቆርጥለት እንደምታደርገው፣ «ክፈት እንጅ ልጀ» እያለች ትንሿን ጣቱን ቀና አደረገችው። ቀና ስታደርገው መልሶ ጨበጣት። ሁለተኛዋን ሞከረች። ሦስተኛዋ ላይ ስትደርስ ቆመች። እጁን እንደያዘች ፊቱን አየችው፣ ብዙ አየችው፣ ከዚያ እጁን ቀስ አድርጋ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለትና ተመልሳ ቦታዋ ተቀመጠች። ምሥራቅ ቦርሳዋን አልከፈተችም።

መጀመሪያ የተናገረችው ሥራነሽ ናት። «አባ፣ ይህ ነገር ከዚህ ቤት አይውጣ» አለች። ድምፅዋ ያረጀ ይመስላል። ወደ ወለተ ኪዳን ዞራ «ነይ ልጀ፣ ቁጭ በይ። ምሳ እንኳ አልበላሽ። የቤት ገመና በቤት ነው የሚከደን። ጥር እስኪያልፍ ብቻ» አለች።

አባ ዘማርያም መስቀላቸውን ከመሐረቡ ፈቱት። «ጥር የለም፣ ወይዘሮ ሥራነሽ። ለጳጳሱ የምጽፈው እኔ ነኝ። ምክንያቱን አልጽፍም። ስሙን ግን ከዝርዝሩ አወጣዋለሁ» አሉ። አምደሚካኤል ይህን ሲሰማ ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ ማልቀስ ጀመረ፤ ማንም ሊያባብለው አልተነሣም፣ እናቱም።

የኔታ አካለ ወልድ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። አማቻቸው ፊት ቆመው ቁልቁል አዩት። «አራት ዓመት ጉባኤዬ ውስጥ ነበርህ» አሉት። «ጓደኞችህ ሲንጫጩ አንተ ዝም ትል ነበር። ልጄን የሰጠሁህ በዚያ ነው። ዝምታህን ፈሪሃ እግዚአብሔር መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ልብስሽን ሰብስቢ፤ የመጨረሻው መኪና ሳይሄድ።»

«አልሄድም፣ አባቴ» አለች ወለተ ኪዳን። «እዚያ ጤና ጣቢያ ካርድ የምታወጣው የጎረቤታችን ልጅ ናት። ተማሪዎችዎ ስም ያወጡልኛል፤ ለርስዎም ይተርፋል። የሚቀሩኝን ሁለት ዓርብ እዚሁ ልጨርስ። ከዚያ በኋላ አስብበታለሁ።»

ሥራነሽ «ሁለት?» ብላ ምሥራቅን አየቻት። ምሥራቅ ዓይኗን አላሸሸችም። «ዛሬ ጠዋት ተወግታለች» አለች። «አብሬያት እሆናለሁ። ቤት እንከራያለን።»

«አንችም?»

የምሥራቅን ልብስ በሁለት ፌስታል፣ የወለተ ኪዳንን በዚያው በዳንቴሉ ሻንጣ አድርገው ሲወጡ፣ እናቷ ከተቀመጠችበት አልተንቀሳቀሰችም። የኔታን እስከ መናኸሪያው ሸኟቸው። ሽማግሌው መኪናው ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ምሥራቅን ወደ ጎን ጠርተው፣ ሰው የሚሰማቸው ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መድኃኒቱ እርግጠኛ ነው?» ሲሉ ጠየቋት። ተሕዋሱ ብዙ ነገር ሲለዋውጥ ይህን መድኃኒት ግን እስከ ዛሬ ሊያመልጠው እንዳልቻለ ነገረቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስኮት ልጃቸውን አላዩም፤ ፊት ለፊት ነበር የሚያዩት፣ ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀስ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አርሴማ የጠቆመቻቸውን ሦስት ቤት አዩ። አንዱ መስኮት የለውም፣ ሌላው ውሃ የሚገባው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ሦስተኛው አንድ ግቢ ውስጥ በተርታ ከተሠሩ አምስት ክፍሎች የጥጉ ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው አዲስ ጭቃ፣ ዋጋው ሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር፣ መብራት ለብቻ። አከራይዋ ጠና ያለች፣ ወገቧን በመቀነት ያጠበቀች ሴት ናት። ቁልፉን በእጇ እያገላበጠች ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው።

«ምንሽ ናት?» አለች ምሥራቅን።

«እህቴ።»

አከራይዋ የወለተ ኪዳንን ሆድ አሁን ገና አስተዋለችው። ቁልፉን መልሳ ጨበጠች። «እርጉዝ ናት እንዴ? አየሽ፣ ጎን ያሉት የባንክ ሠራተኞች ናቸው፣ ጸጥታ ይወዳሉ። ግድግዳው ስስ ነው። ሕፃን ያለቅሳል፤ እንቅልፍ ነሣን ይሉኛል።»

ምሥራቅ የምትለውን ስታስብ ወለተ ኪዳን ቀደመቻት። ሻንጣዋን ሲሚንቶው ላይ አስቀምጣ፣ የተወጋችበት ቦታ እያመማት ወገቧን ደግፋ ቆማ ነበር።

«ያልቅስ፣ እናቴ» አለች። «እንዲያለቅስ ጸልዩልኝ።»